ከአጣቢዎች አረፋ እስከ ቡታኖል ጠርሙስ፦ እንዶድና የአሟሚዎች ታሪክ

በአቃቂ ቃሊቲ እንዳሉት ባሉ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪዎች መደርደሪያ ላይ የሚታዩት ጠርሙሶች ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደሉም። የተጣራ ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ ሜታኖል፣ ኤታኖል፣ አሴቶን፣ ኤተር ወይም ኤተርን የተካው ኤቲል አሲቴት ይገኛሉ፤ የቲሹ ምርመራ በሚደረግበት ሆስፒታል ደግሞ ዛይሊን ይታከልበታል። እያንዳንዳቸው በመመሪያው በታዘዘው መጠንና ቅደም ተከተል ሥራ ላይ ይውላሉ። ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲያ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። መልሱ ባመዛኙ በአንድ ጠባይ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም ኬሚስቶች ፖላሪቲ የሚሉት፣ በአማርኛ ዋልታዊነት ብለን ልንጠራው የምንችለው ጠባይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚህ ጠባይ ማንሣት የተፈለገው የመማሪያ መጽሐፍን ለመድገም አይደለም። በአገራችን የሕክምና ሳይንስ ታሪክ ከፍተኛ ስም ካተረፉት ግኝቶች አንዱ የሆነው የእንዶድ ታሪክ፣ ከሥሩ ሲመረመር የውሃ፣ የሜታኖልና የቡታኖል ዋልታዊነት ልዩነት ታሪክ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የውሃ ሞለኪዩል ኤሌክትሮኖቹን በእኩል አላከፋፈለም። ኦክስጅን ወደ ራሱ ስለሚስባቸው በእርሱ በኩል ጥቂት ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ደግሞ ጥቂት ፖዘቲቭ ሙል ይታያል። ሞለኪዩሉ እንደ ትንሽ ማግኔት ሁለት ዋልታ ያለው በመሆኑ ጨውንና ስኳርን ከብቦ ያሟሟል። ቅቤ፣ ሰምና ፓራፊን ግን ይህን የመሰለ ዋልታ ስለሌላቸው ውሃው ጥሏቸው ያልፋል። አሟሚዎችን በዚህ ረገድ ለማነጻጸር ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት የሚባለው ቁጥር ነው። በክፍል ሙቀት ለውሃ 80 ገደማ፣ ለግሊሰሪን ከ40 በላይ፣ ለሜታኖል 33፣ ለኤታኖል 24 ገደማ፣ ለአሴቶን 21፣ ለቡታኖል ከ17 እስከ 18፣ ለኤቲል አሲቴት 6፣ ለክሎሮፎርም 4.8፣ ለኤተር 4.3፣ ለዛይሊን ከ2 ጥቂት ከፍ ያለ፣ ለሄክሴን ደግሞ 1.9 ነው።

ይሁንና ቁጥሩን ብቻ ይዞ መፍረድ ያሳስታል። አሴቶንና ቡታኖል በዚህ መለኪያ ጎረቤታሞች ናቸው። ሆኖም አሴቶን ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ሲዋሐድ፣ ቡታኖል ግን ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት እጅ በላይ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ የቀረው ከላይ ተንሳፎ የራሱን ንጣፍ ይሠራል። አራት ካርቦን ያለው ጭራው ውሃን የሚሸሽ ሲሆን፣ በአንድ ጫፉ ያለው የአልኮል ወገን ደግሞ ውሃን ይፈልጋል። ይህን የቡታኖል ግማሽ ጠባይ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በየዕለቱ የምንሠራቸው ምርመራዎች በዚህ መሰላል ላይ የሚወጡና የሚወርዱ ናቸው። የግራም ቀለም ሲሠራ አልኮል ወይም አሴቶን የግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያን የውጭ ቅባታማ ሽፋን አሟሙቶ ቀለሙን ያስለቅቃል። ወፍራም የስኳርና የአሚኖ አሲድ ግድግዳ ያላቸው ግራም ፖዘቲቮች ግን ይዘው ይቆያሉ። በቲሹ ዝግጅት ደግሞ ውሃ ከያዘ ሥጋ በቀጥታ ወደ ፓራፊን መግባት ስለማይቻል፣ ሥጋው በ70፣ በ95 ከዚያም በንጹሕ አልኮል፣ ቀጥሎ በዛይሊን እየተሸጋገረ ደረጃ በደረጃ ወደ ዋልታ አልባው ዓለም ይወርዳል። አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው ብሎኩ ሲሰነጠቅ ያየዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1948 ሪቺ ያስተዋወቀው የፎርሞል ኤተር ዘዴ ነው። ሰገራ በፎርማሊንና በውሃ ተበጥብጦ ኤተር ሲጨመርበትና በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር፣ ቅባቱ ወደ ኤተሩ ይወጣል፣ ቆሻሻው በመካከል ይጋገራል፣ የጥገኛ ትሎች እንቁላል ደግሞ ከታች ይዘቅጣል። ኤተር በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ቆየት ብሎ በብዙ ቦታ በኤቲል አሲቴት ተተክቷል፤ ምትኩ የተሳካው የሁለቱ ዋልታዊነት ተቀራራቢ በመሆኑ ነው። ጎነ እሾኻሙን የሺስቶሶማ ማንሶኒ እንቁላል በዚህ ዘዴም ሆነ በግሊሰሪን በተነከረው የካቶ ካትዝ ሴሎፎን ሥር ያየ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሁሉ፣ ሳያውቀውም ቢሆን የእንዶድ ታሪክ ከተነሣበት በሽታ ጋር ተገናኝቷል።

ብልሃርዝያ በሰው ላይ ብቻ የሚኖር በሽታ አይደለም። ትሉ ከሰው ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እስኪገባ ድረስ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ አለበት። ለሺስቶሶማ ማንሶኒ አስተናጋጁ ባዮምፋላሪያ የተባለው ቀንድ አውጣ ነው። ከእንጦጦ ተራሮች የሚነሡት ትንሹና ትልቁ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ኩሬ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይቀላቀላሉ። አዋሽ ደግሞ ከቆቃ በታች የወንጂ ሸዋን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ያጠጣል፤ በዚያም መስኖው ቀንድ አውጣውን፣ ቀንድ አውጣውም በሽታውን አቆይቷል። ስለዚህ በአቃቂ የሚሠራ ጤና ባለሙያ ለሥራ ወደ ታች ወርዶ የተመለሰ ሰው ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ሲያቀርብለት ብልሃርዝያን ቢያስብ አይፈረድበትም። በሽታውን በመድኃኒት ማከም አንዱ መንገድ ነው። ቀንድ አውጣውን አጥፍቶ ዑደቱን መስበር ሁለተኛው መንገድ ሲሆን፣ እንዶድ የገባው በዚህ በሁለተኛው በር ነው።

እንዶድን ማስተዋወቅ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስፈልግ አይመስለንም። ጋቢና ነጠላ ሲታጠብበት የኖረ፣ የፍሬው ዱቄት በውሃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። በባህል ሕክምናም ለልዩ ልዩ ዓላማ ሲሰጥ ኖሯል፤ ፅንስ ለማስወረድ የተወሰደበት አጋጣሚ የጤና ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባ አደጋ ነው። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባሉ ውህዶች ነው። የእንዶድ ሳፖኒኖች ዋነኛ አካል ኦሊያኖሊክ አሲድን የመሰለ ቅባታማ፣ ዋልታ አልባ አጽም ሲሆን፣ በዚህ አጽም ላይ ውሃ የሚወድ የስኳር ሰንሰለት ተቀጥሎበታል። አንድ እጁ ቅቤውን፣ ሌላው እጁ ውሃውን ይይዛል። ከጠጉር ላይ ወርዶ ነጠላ ያቆሸሸው ቅቤ ከውሃው ጋር ተጎትቶ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ባለ ሁለት ጠባይነት በሕያው ሕዋስ ላይ ሲሆን መልኩን ይለውጣል። ሳፖኒን ከሕዋስ ሽፋን ኮሌስትሮል ጋር ተጣምሮ ሽፋኑን ይበሳዋል። ቀይ የደም ሕዋስ በሳፖኒን ውሃ ውስጥ የሚፈርሰው፣ ዓሣም በስንጥቡ በኩል የሚሞተው ለዚህ ነው። የቀንድ አውጣውም ሞት ከዚሁ ወገን ነው።

በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ብልሃርዝያ አምጪ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። ከዚያ በፊት ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር እንዳለፈ መገመት አያስቸግርም። ልዩነቱ አክሊሉ አረፋውን ከሞቱት ቀንድ አውጣዎች ጋር ማያያዛቸውና የእንዶዱን ውሃ በሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ላይ መሞከራቸው ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት አክሊሉ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በ1966 ሲመሠረት መሥራችና መሪው ሆኑ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የወንዝ ዳር ሳይሆን የጠርሙስ ሥራ ነበር። ፍሬው ደርቆ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ሳፖኒን ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ፕሮቲኑና ሙጫው ሁሉ አብሮ ይወጣል፤ ውሃ እጅግ ዋልታዊ በመሆኑ አይመርጥምና። በሌላው ጫፍ ሄክሴንን የመሰለ አሟሚ ብንወስድ የፍሬውን ዘይት ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ሳፖኒኑን ጥሎት ይሄዳል። የሚፈለገው በመካከል የሚቆም ነው። ቀደም ሲል አንባቢ እንዲያስታውሰው የጠየቅነው ቡታኖል እዚህ ላይ ይገባል። ከውሃው ሙሙት ጋር ሲናወጥ በላይ የራሱን ንጣፍ ይሠራል፤ ግማሽ ጠባዩ ከሳፖኒን ግማሽ ጠባይ ጋር ስለሚስማማ ሳፖኒኑን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ስኳሩንና ጨዉን ግን ከታች ለውሃው ይተውለታል። ቡታኖሉ ሲተን የሚቀረው ከጥሬው ዱቄት እጅግ የበረታ ንጥር ነው። አክሊሉ በአሜሪካ ከስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባልደረቦች ጋር በሠሩት ሥራ ከዚህ ንጥር ውስጥ ቀንድ አውጣ ገዳይ የሆነው ሳፖኒን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለብቻው ተለይቶ ሌማቶክሲን ተባለ፤ ስሙ ከአክሊሉ አባት ስም የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ እጅግ የሚያስገርመው ነገር ቆይቶ የተገለጠው ነው። ዕፀዋትን የሚመረምሩ ኬሚስቶች ዘወትር የሚያዘወትሩት አሟሚ ሜታኖል ነው፤ ብዙ ነገር ያወጣል፣ በቀላሉም ይተናል። የእንዶድ ፍሬ በቀጥታ በሜታኖል ሲወጣ ግን የተገኙት ሳፖኒኖች በቀንድ አውጣ ላይ ኃይል አልነበራቸውም። ምክንያቱ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተደረጉ ጥናቶች ታወቀ። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ የተከማቸው በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ተጭኖበት ነው። ሁለቱም ጫፎቹ ውሃ ወዳድ በመሆናቸው የሕዋስ ሽፋንን የሚበሳ እጅ የለውም፤ ተክሉ መርዙን ቆልፎ አስቀምጦታል ማለት ይቻላል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም አንዱን ሰንሰለት ቆርጦ ይጥለዋል፤ በዚህ ጊዜ ቁልፉ ተፈትቶ ገዳዩ ቅርጽ ይወለዳል። ሜታኖል ኤንዛይሙን ወዲያው ስለሚያበላሸው ቁልፉ ሳይፈታ ይቀራል። ስለሆነም ፍሬውን ወቅጦ፣ በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጥቂት አቆይቶ መምታት የተባለው የልብስ አጣቢዎች ልማድ፣ በላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ካለው ከብዙው ጠርሙስ ይልቅ ትክክለኛው ዘዴ ሆኖ ተገኘ። ይህን የምንለው ለማሞገስ አይደለም፤ በሜታኖል የሞከረ ላቦራቶሪ እንዶድ አይሠራም ብሎ በቅንነት ሊመሰክር ይችል እንደነበር ለማሳየት ነው።

በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በቆየው የመስክ ሙከራ የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆነ ሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከመቶ 50 ወደ 7 መውረዱ ተዘገበ። ለትንንሽ ልጆች የተሰጠው ትኩረት ተገቢ ነው። ጎልማሳው ትሉን ከዓመታት በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ሕፃን አለመያዙ ግን ስለ ወንዙ በቀጥታ ይመሰክራል።

ይህን የመሰለ ውጤት እያለ እንዶድ ለምን በዓለም መድረክ ዓመታትን በር ላይ ቆሞ አሳለፈ? ለዚህ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ እኛ ሁለቱም በከፊል እውነት ነው ባይ ነን። አንደኛው የአክሊሉ ራሳቸው መልስ ነው። በአፍሪካ ላቦራቶሪ በአፍሪካዊ የተገኘ ውጤት በበለጸጉት አገሮች ካልተደገመ አይታመንም፤ ለመድገም የሚያስፈልገውን ገንዘብ የያዙትም እነዚያው ናቸው፤ በመሣሪያ ከማነስ ይልቅ የሚያንሰው አመኔታ ነው ሲሉ በየመድረኩ ተከራክረዋል። ሁለተኛው መልስ ከኬሚስትሪው የሚመነጭ ነው። ጥሬው የውሃ ንጥር እንደ ተክሉ ዓይነት፣ እንደ ፍሬው ብስለትና እንደ አቀማመጡ ኃይሉ ይለያያል። አንድ ከረጢት ዱቄት ከሌላው ከረጢት ጋር እኩል ገዳይ መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም። መጠኑ ያልታወቀ ነገር ሰው ከሚጠጣው ወንዝ ውስጥ አይጨመርም ያለ የመርዝ ባለሙያ በዘረኝነት አይወቀስም። የቡታኖሉ ንጥር ይህን ጥያቄ በከፊል ይመልሳል፤ ነገር ግን ቡታኖል በገጠር ወንዝ ዳር የለም። በውሃ ከሆነ ገበሬው ራሱ ይሠራዋል፣ ልኩ ግን አይታወቅም። በቡታኖል ከሆነ ልኩ ይታወቃል፣ ባለቤቱ ግን ፋብሪካ ይሆናል። የእንዶድ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የተያዘው በዚህ መካከል ይመስለናል።

በዚህ ረገድ ከውሃው ጎን የቆሙት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። የፍሬው ኃይል ከተክል ተክል የሚለያይ ከሆነ መፍትሔው በጠርሙስ ሳይሆን በማሳ ነው በማለት ይመስላል፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከየአገሩ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያባዙ ኃይላቸውን፣ ምርታቸውንና በሽታ መቋቋማቸውን አነጻጸሩ። ከእነዚህ መካከል 44 ቁጥር በሚል መለያ የሚታወቀው ከሁሉ የላቀ ሆኖ ተመረጠ። ተመሳሳይ ተክል በመቁረጥ ከተባዛ፣ ፍሬው ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ከተለቀመና በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ፣ የውሃው ንጥር ልክ ሊገመት የሚችል ይሆናል። አክሊሉና ለገሠ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል። በዚያው ሰሞን የተጓተተው የደኅንነት ምዘና ተሟልቶ በ1991 ታትሞ ወጣ፤ እንዶድ ለአጥቢ እንስሳት በአፍ ሲሰጥ መርዛማነቱ ዝቅተኛ መሆኑን፣ ዓይንን ግን ክፉኛ እንደሚቆጠቁጥ አሳየ። የእንዶድ ዱቄት ሲፈጭ አጠገቡ የቆመ ሰው ሁሉ ሲያስነጥስና ዓይኑን ሲያሽ ላየ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

የእንዶድ ተወዳዳሪ ኒክሎሳሚድ ነበር፤ ከ1960 አካባቢ ጀምሮ በባየር ኩባንያ ባይሉሳይድ በሚል ስም የቀረበው ነው። ኒክሎሳሚድ በተቃራኒው ዋልታዊነቱ አነስተኛ በመሆኑ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው። ወንዝ ውስጥ እንዲሠራ የኤታኖላሚን ጨው ሆኖ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ተደርጎ ይዘጋጃል። ጥቅሙ ልኩ መታወቁና የቀንድ አውጣውን እንቁላል መግደሉ ነው፤ እንዶድ በተለመደው መጠን እንቁላሉን ስለማይገድል ደጋግሞ መጨመርን ይጠይቃል። ሁለቱም ዓሣ ይገድላሉ። እንዶድ በበኩሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ በውሃው ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል፤ ከሁሉም በላይ በውጭ ምንዛሪ አይገዛም።

ክርክሩን ያቀዘቀዘው ግን ከሁለቱም ውጭ የመጣው ፕራዚኳንቴል ነው። በአንድ ቀን የሚዋጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም ሆኖ የሚሰጥ ክኒን ከተገኘ በኋላ ወንዝ ማከም ለብዙ ፕሮግራሞች ያረጀ ሐሳብ መሰለ። (ፕራዚኳንቴልም ቢሆን ከዚህ መሰላል አያመልጥም። በውሃ የሚሟሟው በጥቂቱ በመሆኑ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከፍ ይላል፤ በባዶ ሆድ የሚያድል ቡድን መድኃኒቱን በከፊል ያባክናል።) ነገር ግን ክኒኑ ትሉን እንጂ ወንዙን አያክምም። በእግሩ ወደዚያው ውሃ የተመለሰ ልጅ እንደገና ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የቀንድ አውጣ ማጥፊያዎችን የመስክ አጠቃቀም መመሪያ አውጥቷል፤ በ2022 መመሪያውም ቀንድ አውጣ መቆጣጠርን ከክኒኑ ጋር እንዲጣመር መክሯል። በመመሪያዎቹ የተመከረው ኬሚካል ኒክሎሳሚድ ነው።

እንዶድ በሌላ አህጉር ያጋጠመውን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በመርከብ ሚዛን ውሃ ተጭኖ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የገባው ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቱቦ ደፈነ። አክሊሉ በ1990 ለክብር ዲግሪ ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱበት ጊዜ እንዶድ በዚህ እንስሳ ላይ ተሞክሮ ገዳይ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ አጋማሽ በአጠቃቀሙ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ከፈጣሪዎቹ ስም መካከል የአክሊሉም ስም አለ። ይህ ግን ጥያቄውን አልዘጋውም፤ ዱቄቱን በውሃ የመምታት ጥበብ የማን ነው የሚለው ክርክር በየአገሩ የባህል ዕውቀት ዝርፊያ ሲነሣ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ጸሐፊው ለመፍረድ የሚቸገረው፣ ፈቃዱ የሚገዛው ሐይቅ ላይ ላለ ቱቦ መሆኑን ሲያስብ ነው። ለአድዋ ሕፃናት ለደኅንነት ምዘና የሚሆን ገንዘብ ሃያ ዓመት በላይ ሲለመን፣ ለቱቦ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥናቱም መብቱም ተጠናቀቀ።

አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። የቶሌዶው መብት ዘመኑ አልፎበታል። በአቃቂ ወንዝ ላይ ዛሬ የሚታየው አረፋ ባብዛኛው የእንዶድ አይደለም፤ ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚወርድ የዱቄት ሳሙና ነው። እርሱም ቢሆን እንደ ሳፖኒን አንድ እጁ ውሃ፣ ሌላው እጁ ቅባት የሚይዝ ሞለኪዩል ነው። ሳሙና በሚወደድበት ገጠር ግን ፍሬው አሁንም በአረንጓዴነቱ ይለቀማል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል።